የፍል ውሃዋ እናት ሙዝ

ወንዛዬ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር መሠረት፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ ደኅና ነው ወይ? ሰላምታው እዚህ ላይ ይቆማል። የእናትሽን ጤና፣ የአገሩን ሰላም፣ የሥራሽን ነገር የሚጠይቀውን ግማሹን እኔ ዘንድ አስቀምጬዋለሁ። እሱ የወዳጅ ነው። ወዳጅ መሆንሽን ሳውቅ እልክልሻለሁ።

ይርጋ አለሙ ነኝ። ባለፈው ግንቦት ሙዝ እመረምራለሁ ብለሽ ከደቡቡ ቆላ ወንዛዬ ድረስ መጥተሽ ከጓሮዬ ቅጠል የቆረጥሽብኝ። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ ስትይኝ የአገሬ ልጅ ናት ብዬ በሬን የከፈትሁልሽ። ይህን የምትጽፈው ባለቤቴ ፈንታነሽ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ «ከብቶቼን ማን ይጠብቅልኛል» ብዬ ቀረሁ፤ እሷ ሄደች። ከአርባ ዓመት በላይ ስትኮራብኝ ኖራ ዛሬ ሥራ ሰጠኋት። ስልክም አለኝ። ኔትወርኩ ግን አንድ ቀን ቢመጣ አምስት ቀን ይጠፋል። ደግሞም በስልክ የተባለውን ሰው ይክደዋል፤ ወረቀት አይካድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ አገር በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ሁለት ሰዎች ከግብርና መጥተው ጓሮዬ ገቡ። ከውሻዬ በቀር ማንም አልነበረም። ስመለስ ሠላሳ አንዱም እግር ሙዜ ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም ተሰርዟል፤ አስተማሪ በሰነፍ ተማሪ ደብተር ላይ እንደሚያደርገው። እናቲቱ እንኳ አልቀረችም! ከፍል ውሃው የሚወርደው ለብ ያለ ፈሳሽ ሥሯን የሚያጥባት፣ አንቺ ራስሽ «አባባ፣ እንዲህ ያለ ሙዝ አይቼ አላውቅም» ብለሽ ፎቶ ያነሣሻት እናት ሙዝ፣ ወገቧ ላይ ተሰርዛ አገኘኋት።

ቀቢው ሙሉቀን የሚባል ባለሙያ ነው አሉ። «በሽታ ተገኝቶባቸዋል፤ ይነቀላሉ» ብሎ ሄዷል። ለማን ነግሮ? ለይሻው! ከጎረቤቴ ከይሻው ጋር በድንበር ከተጣላን ሃያ ዓመታችን ነው። የጓሮዬን ነገር ከይሻው አፍ ልስማ? አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «አያ ይርጋ፣ ሙዞችህ ታመዋል አሉ። እግዜር ይማራቸው» አለኝ። እግዜር ይማራቸው! ፊቱ ግን ሠርግ የተጠራ ሰው ፊት ነበር።

ፍል ውሃ ሊታጠብ የሚመጣ ሰው ሁሉ በሩ ላይ የሚበላው የኔን ሙዝ ነበር። አሁን ቀለሙን እያየ አፉን በነጠላው ይሸፍናል። አንዷ ሴትዮ ጮክ ብላ «ወገቤን ላድን መጥቼ ሌላ በሽታ ልሸከም?» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንቺ ስትሄጂ ምን ነበር ያልሽው? «ውጤቱን ከማንም በፊት ለእርስዎ እነግራለሁ» አላልሽም? ፈንታነሽ ምስክሬ ናት። እኔስ ምን በደልሁሽ? ለእናትሽ ብዬ ከእናቲቱ ሥር ቡቃያ ነቅዬ፣ ሥሯን በጭቃ ለብጬ ሰጠሁሽ። በሁለት እጅሽ ተቀብለሽ፣ ጉልበቴን ስመሽ ሄድሽ። ከዚያ በኋላ የመጣው ያንቺ ቃል ሳይሆን ቀለም ነው።

ታመው እንደሆነ አንቺ በእጅሽ ጻፊልኝ። የበላቸው ሰው ይታመም እንደሆነም ጻፊ። ማኅተም ይኑርበት።

አውራ ጣቴን ከታች አትሜያለሁ።
ይርጋ አለሙ

(እኔ ፈንታነሽ፦ ሌላም የተናገረው ነበር። አልጻፍሁትም።)


ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ ይርጋ፣ ለእማማ ፈንታነሽም፤

የላኩልኝ ግማሽ ሰላምታ ደርሶኛል። እሱም አይገባኝም ነበር። የእኔን ሳልቆርስ እልካለሁ፦ እንደምን ናችሁ? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?

ቃል መግባቴ እውነት ነው። ውጤቱን ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅ ግዴታዬ ነበር፤ ለእርስዎ ግን ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲጠፋ «ሲከፈት እነግራቸዋለሁ» እያልኩ ቆየሁ። እነሱ ቀደሙኝ። በቀለም ይቀድሙኛል ብዬ ግን አላሰብኩም። ይቅርታ አድርጉልኝ።

አስቀድሜ የሚያስጨንቅዎትን ልመልስ። ሙዙን የበላ ሰው አይታመምም። የሙዝ በሽታ የሙዝ ነው፤ ወደ ሰውም ወደ ከብትም አይሻገርም። ይህን የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት አያይዣለሁ፤ ፍል ውሃው በር ላይ ያስለጥፉት።

እናቲቱ ግን ታማለች፣ አባባ። በሽታው ቫይረስ ነው፤ በዓይን አይታይም። እኛ ከቅጠሉ ጭማቂ ዘረ መሉን እናወጣና በማሽን እናባዛለን። ቫይረሱ ካለ ይበዛል፣ ከሌለ የሚበዛ ነገር የለም። ይህ ቫይረስ አመለኛ ነው። ሲበርድ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ጭረት ያወጣል፤ ሲሞቅ ይደበቃል። የላይኛው ጓሮዎ ሙዞች በብርዱ ወራት የሚያወጡት ጭረት እርስዎ እንደነገሩኝ ውርጭ አይደለም። እናቲቱ ዓመት እስከ ዓመት እግሯ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ምልክቱን አታሳይም። ጤነኛ መስላ ታማለች፤ ከእሷ የተነቀለ ቡቃያ ሁሉ በሽታውን ይዞ ይሄዳል።

ያን ጊዜ ቅጠል የወሰድኩበት የጎረቤትዎ የአያ ይሻው ሙዝ ንጹሕ ነው።

እባክዎ ከእናቲቱ ሥር ለማንም ቡቃያ አይስጡ።

መሠረት


ወንዛዬ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር መሠረት፤

እንደምን አለሽ? ግማሹ አሁንም እኔ ዘንድ ነው።

ወረቀትሽን በሩ ላይ አስለጥፌያለሁ። ማኅተሙን የሚያይ ብዙ ነው፤ የሚያነበው ጥቂት ነው። ቢሆንም ያቺ ሴትዮ ትናንት ሁለት ሙዝ በላች። ለዚህ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያልቃል።

የይሻው ሙዝ ንጹሕ ነው አልሽ? ያንን አይተሽ? በረዶ የቀጠቀጠውን፣ ነፋስ ቅጠሉን የተለተለውን፣ ፍሬው ከአውራ ጣቴ የማይበልጠውን? ይሻው እኮ ከኔ ቡቃያ አልወስድም ብሎ በኩራት ከሌላ ቦታ አምጥቶ የተከለ ነው። ሃያ ዓመት ስስቅበት ኖሬያለሁ። አሁን እኔ ነኝ በሽተኛው፣ እሱ ነው ንጹሑ! ፈንታነሽ ይህን ስታነብልኝ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነበር፤ አጥሩ ቅርብ ነው፤ «ቀስ በይ ሴትዮ» አልኋት።

ደግሞ ውርጭ አይደለም አልሽ። ውርጭን እኔ አላውቅም? ጉና ሥር ገብስ ሲዘራ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሣሩ ከእግሬ ሥር እንደ ብርጭቆ ሲሰበር እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ወገቤ ቢታመም ልታጠብ ወደ ወንዛዬ ወረድሁና ውሃው ሲያድነኝ ቀረሁ። እናቲቱን ከመተማ፣ ሰሊጥ አጭጄ ስመለስ፣ በጋቢዬ ጠቅልዬ ነው ያመጣኋት። እኔ በርዶኝ እሷ ሞቋት ነው የመጣችው። የዚህች ልጆች በኅዳር ጭረት ሲያወጡ ብርዱ ነው ብዬ አመድ ነሰነስሁላቸው፤ በመጋቢት ቅጠላቸው ይጠራል። የታመመ ነገር እንዲህ በየዓመቱ ይድናል? በዓይኔ ከማየው በላይ ማሽንሽ ያውቃል?

እንግዲህ እፈትንሻለሁ። ቅጠል ለማድረቅ ብለሽ ነጭ ፍሬ ያለባቸው ላስቲኮች ትተሽልኝ ነበር። አራት ቅጠል ቆርጬ ከትቻለሁ። ማሰሪያቸው ላይ ቋጠሮ አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የቱ ከየት እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ለፈንታነሽ አልነገርኋትም፤ እሷ ሲጠይቋት መዋሸት አትችልም። ይማም ነጋዴው እስከ ባሕር ዳር ይዞ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል። ካወቅሽ አወቅሽ። ካላወቅሽ ያንን ቀለም ራስሽ መጥተሽ ታጥቢልኛለሽ።

የእናትሽ ቡቃያ ጸደቀች ወይ? ስለሷ አንድ ቃል አልጻፍሽም።

ይርጋ፣ የአውራ ጣት


የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ ይርጋ፤

ሁላችሁም እንደምን ናችሁ? ይማም ኔትወርክ ባገኘባት ቀን ደውሎ የጠየቀኝ ጥያቄ ከእርስዎ መሆኑን አውቄያለሁ፤ «ለወዳጄ ነው» ቢለኝም። አይ አባባ፣ አይድንም። አመድም፣ የሚረጭ መድኃኒትም አያድነውም። ከነሥሩ ወጥቶ፣ ተከትፎ፣ ደርቆ መቃጠል ነው።

ወደ ፈተናው ልምጣ። ሁለት ቋጠሮ ያለበት ሙዝ አይደለም፤ ኮባ ነው። ማሽኑ ሲነግረኝ ብቻዬን ስስቅ የሥራ ባልደረቦቼ ምን ሆነች ብለው መጡ። ኮባው በሽታ የለበትም፤ እማማ ፈንታነሽ ዳቦ ይጋግሩበት። አንድ ቋጠሮ ያለበት እናቲቱ ናት፤ ባለፈው ግንቦት ከቆረጥኩት ጋር ምንም ልዩነት የለውም። አራት ቋጠሮ ያለበት ንጹሕ ነው፤ የአያ ይሻው ነው ብዬ እገምታለሁ።

ዕንቅልፍ የነሣኝ ሦስት ቋጠሮ ያለበት ነው። ቅጠሉ ያምራል፤ አንድ ጭረት የለበትም። ቫይረሱ ግን አለበት። ይህ ቫይረስ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም፣ አባባ። ሰው ከቦታ ቦታ አነጋገሩ እንደሚለያይ፣ የእሱም ዘረ መል እንደ አገሩ ይለያያል። እዚህ ደቡብ የሰበሰብኩት አንድ ዓይነት ነው፤ ጣና ዙሪያ ያገኘሁት ሌላ ነው። የእናቲቱን የመሰለ ግን ከእርስዎ ጓሮ ውጭ የትም አላገኘሁም ነበር። የሦስት ቋጠሮው ቁርጥ እሱን ነው። ከየትም ያምጡት፣ ከእናቲቱ የወጣ ነው።

ስለዚህ ልጠይቅዎ ግድ ሆነ። ሦስተኛው ቅጠል ከማን ጓሮ ነው? በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከእናቲቱ ቡቃያ የሰጡት ለማን ለማን ነው? ስማቸውን ቢጽፉልኝ።

መሠረት


ወንዛዬ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር መሠረት፤

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ከግማሹም ቀንሻለሁ።

ፈተናውን አልፈሻል። አንዱ እናቲቱ ናት። አራተኛው የይሻው ነው፤ በሰባ ሁለት ዓመቴ አጥር ሥር በሆዴ ተስቤ የቆረጥሁት። ስለ ኮባው ሲነበብልኝ ሳቄ መጣ። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ፈንታነሽን «ድገሚልኝ» አልኋት።

ሦስት ቋጠሮው የፍቅርተ ነው። ፍቅርተ ፈንታነሽ ክርስትና ያነሣቻት፣ የመጀመሪያዋ የክርስትና ልጃችን ናት፤ ዛሬ ሁለት ልጅ ወልዳ ባሏ ሞቶባት ፍል ውሃው በር ላይ ሙዝ እየሸጠች ታሳድጋለች። በአገሩ ከሷ የሚያምር ሙዝ ስለሌለ ነው የመረጥሁት። ይህንን ታሟል ካለች ውሸታም መሆኗን አውቃለሁ ብዬ ነበር።

አንቺ ስም ጻፉ ስትይ ምን እንደጠየቅሽኝ አላወቅሽም። እኔ ልንገርሽ። ሌላው ክርስትና አባት ግልገል ይሰጣል፣ ጥጃ ይሰጣል። እኔ የምሰጠው ከእናቲቱ ሥር ነው። ወንዱን እኔ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷን ፈንታነሽ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አንሥተን ስንመለስ ቡቃያውን በትከሻዬ ይዤ ሄጄ ጓሯቸው ውስጥ በእጄ እተክላለሁ። የምነቅለውም በግንቦት፣ ቅጠሏ እንደ መስተዋት ሲያበራ ነበር። ሕፃኑ ጡት ሲጥል ሙዙ ይደርሳል። የመጀመሪያ ጉርሻው ከዚያ ነው። ከወንዛዬ እስከ ሐሙሲት «የይርጋ ሙዝ» ሳይቀምስ ያደገ የክርስትና ልጅ የለኝም። እኔ መሬቴ ጠባብ ናት፣ ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም። የሰጠሁት ይህንን ነው።

እና አሁን ዘርዝር ትይኛለሽ? ለምን? ሙሉቀን ቀለሙን ይዞ በየደጃቸው እንዲዞር? «ክርስትና አባታችሁ የተከለባችሁ በሽታ ነበር» ብሎ እንዲነግራቸው? ልጁን በክንዴ ታቅፌ «እክደዋለሁ ሰይጣንን» ያልሁለት ሰው በኔ ላይ ቀይ ቀለም ይይ? አልሰጥም! አንድም ስም አልሰጥም! ሠላሳ አንዱንም ነቅለው ይውሰዱ፤ እኔን ይንቀሉ፤ ስም ግን አላወጣም።

ደግሞ የሰው ስም የምትጠይቂ፣ እኔ የጠየቅሁሽን ዘለልሽው። የእናትሽ ቡቃያ የት ደረሰች? ይህች ቀላል ጥያቄ ናት። ማሽን አትፈልግም።

ይርጋ

(እኔ ፈንታነሽ፦ አሥራ ሰባት ናቸው። ስማቸውን ግን እሱ ሳይፈቅድ አልጽፍም። ይህን አስጽፎ እናቲቱ ሥር ሄዶ ተቀምጧል። ምሳውን አልበላም።)


ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ ይርጋ፤

አልተቀየምኩም። ትክክል ነዎት፤ ዘልዬዋለሁ።

ቡቃያዋ ጸድቃ ነበር። እናቴ አሰለፈች ከጓሮዋ ተክላት፣ የደብረ ታቦር ብርድ እንዳይመታት በጆንያ እየሸፈነች አሳደገቻት። እኔ የሙዝ መርማሪ ነኝ። ያልተመረመረ ቡቃያ ከቦታ ቦታ አይሂድ እያልኩ ገበሬ ሰብስቤ የማስተምር ሰው ነኝ። እርስዎ ግን ሥሯን በጭቃ ለብጠው በሁለት እጅዎ ሲዘረጉልኝ «አልወስድም» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ነውር መሰለኝ። ተቀብዬ፣ መኪና ውስጥ እግሬ ሥር አስቀምጬ ሄድኩ።

ውጤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የታየችኝ ያቺ ቡቃያ ናት። መንገዱ እውነት ተዘግቶ ነበር፣ ስልኩም እውነት ጠፍቶ ነበር። ያልጻፍኩት ግን በዚያ አይደለም። ለእርስዎ ከጻፍኩ የራሴንም መጻፍ ስላለብኝ ነው።

ለትንሣኤ ቤት ሄጄ ነቀልኳት። እናቴ «የሽማግሌ ስጦታ ትነቅያለሽ? ማን ያሳደገሽ ነሽ?» ብላ አኩርፋኛለች። የፋሲካውን ዶሮ ያለ አንድ ቃል ነው ያቀረበችልኝ። በዚያ ላይ ከቡቃያዋ ሥር የወጣችውን አንዲት ልጅ ለጎረቤታችን ለሐሊማ ሰጥታ ኖሯል። የሐሊማ ደጅ ቆሜ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ጀመርኩ። እሷንም ነቀልን።

ስም መጠየቄን ትቻለሁ። ቢነግሩኝም ለማንም አልሰጥም። ቀለም ይዞ ከሚሄድ ሰው እርስዎ ቢሄዱ ይሻላል፤ የተከሉት እርስዎ ነዎት።

ለምትክ የሚሆን ንጹሕ ቡቃያ በአካባቢዎ ያገኘሁት አንድ ጓሮ ውስጥ ብቻ ነው። የማን እንደሆነ ያውቃሉ።

መሠረት


ወንዛዬ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መሠረት፤

እንደምን አለሽ? እናትሽ ወይዘሮ አሰለፈች እንደምን ናቸው? ኩርፊያቸው በረደ ወይ? ጎረቤታችሁ ሐሊማ ደኅና ናት? ያለሽበት አገር ሰላም ነው? ዝናቡ ገባ? ሥራሽ፣ ማሽንሽ እንዴት ነው? እኔ ዘንድ የቆየው ግማሽ ይኸው ነው። ተረከቢ።

የእናትሽን ቡቃያ ነገር በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ብትጽፊልኝ ኖሮ እኔም ቋጠሮ አላስርም፣ በሆዴም አልሳብም ነበር። በዚህ አሁንም ተቆጥቻለሁ። ቢሆንም የገዛ እናቷን ያስኮረፈች ልጅ እኔን ልታታልል አልተነሣችም ብዬ ተቀበልሁ።

ግንቦት ላይ እነሙሉቀን ሊነቅሉ መጡ። በሩ ላይ ቆምሁ። «የማንን ጓሮ ነው ባለቤቱ ሳይኖር የምትቀባው?» አልሁት። «አባባ፣ ታዝዤ ነው።» «መቀባት ታዘዝህ፤ መናገር ማን ከለከለህ? አፍ የለህም?» አንገቱን ደፋ። «እኔ እነቅላለሁ። አንተ ቀለምህን አስቀምጥና ዶማ ያዝ።» ያዘ። ሦስት ቀን አብሮኝ ቆፈረ፤ እጁ ውሃ ቋጠረ፤ ፈንታነሽ ቅቤ ቀባችለት። ክፉ ልጅ አይደለም። እንዴት እንደሚደረግ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

እናቲቱን ግን ለሙሉቀን አልሰጠሁም። ብቻዬን ነቀልኋት። ሥሯ ከኔ ቁመት ይሰፋል። ስትወጣ ጉድጓዱ ለብ ያለ ውሃ ሞላ፤ አሁን የሰፈሩ ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል። ከዚህ በላይ አላስጽፍም።

ከዚያ በየቤቱ ሄድሁ። ዱላዬንና ዶማዬን ይዤ፣ አሥራ ስድስት ቤት። «የተከልሁት ታሟል፤ ልነቅል መጥቻለሁ» ከማለት በቀር ያማረ ቃል አላገኘሁም። አንዱ ሳቀ። አንዷ ያለቀሰችው ለኔ አዝና ነው፤ ይህ ከሁሉም ባሰብኝ። መሪጌታ ሙጬ የልጃቸው ክርስትና አባት ነኝ፤ «ክርስትናውስ?» አሉኝ። «ክርስትናው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሙዙ ነው» አልኋቸው።

አሥራ ሰባተኛዋ ፍቅርተ ግን እምቢ አለች። «የቱ ነው የታመመው?» አለችኝ። «ቅጠሉን እዩት። እኔ በዓይኔ ከማየው በላይ ማሽን ያውቃል?» ፈንታነሽ ከጎኔ ሆና ተመለከተችኝ። የገዛ ቃሌ ነው፤ ለአንቺ ያስጻፍሁት! ማን ነገራት? ማንም። እንደኔ ናት፣ ያው ልጄ ናት። በማግሥቱ ተመልሼ ሄድሁ። «ክርስትና አባቴ፣ ልጆቼን የማበላው በዚህ ነው። ነቅለው ምን ሊሰጡኝ ነው?» አለች። በእጄ ዶማ እንጂ ሌላ አልነበረም። ተቆጥቼ ተመለስሁ። የተቆጣሁት በማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ስለዚህ ይሻው ቤት ሄድሁ።

ሃያ ዓመት ያልረገጥሁትን ደጅ በዱላዬ አንኳኳሁ። ወጣ። አየኝ። እኔም አየሁት። «ይሻው፣ ቡቃያ ፈልጌ ነው» አልሁት። ከዚያ ምን ይለኛል መሰለሽ? «ከየቱ? በረዶ ከቀጠቀጠው ወይስ ነፋስ ከተለተለው?» ቃል በቃል! ለካ አጥሩ ቅርብ ነው ያልሁት እውነት ነበር። «ከሁለቱም» አልሁት። «ለስንት ሰው?» «ለአሥራ ሰባት ቤት።» ሲሰማ መሳለቁን ተወ። ቆፋሪ ብረቱን አመጣ። «በዚህ ዓመት ሁሉንም አላደርስልህም፤ አምስት አሁን ውሰድ፤ የቀረውን በየክረምቱ» አለኝ። የመጀመሪያዋን ነቀለና ሥሯን በጭቃ ለበጠ። ላነሣት ስል ያዘብኝ። «አንተ ለሰው ስትሰጥ እንዴት እንደምታደርግ አይቻለሁ። በሁለት እጅህ ተቀበል።» በሁለት እጄ ተቀበልሁ፣ መሠረት። ወገቤ እስኪጎብጥ።

ያቺን ይዤ ሦስተኛ ቀን ፍቅርተ ዘንድ ሄድሁ። ገልበጥ አድርጋ አየቻት። «ይህቺ ናት?» አለች። «ይህቺ ናት።» «ታስጠላለች።» «ታስጠላለች። ጤነኛ ናት።» ከዚያ ቤት ገብታ የራሷን ዶማ አምጥታ የመጀመሪያውን እሷ መታችው። እኔ ተከተልሁ። ዘለላ የያዙትን ሰባቱን ፍሬው እስኪደርስ ተውንላት፤ ሙሉቀን ባይወድም እሺ ብሏል። ከመስከረም በኋላ ይወጣሉ። ተቆጪኝ ከፈለግሽ።

እኔ አሁን ሙዝ የለኝም። ጓሮዬ ባዶ ነው፤ ታጣቢው ሲያልፍ «እዚህ ሙዝ አልነበረም?» ይላል። ነበረ እላለሁ። ግንዱ ላይ የነበረው ቀለም እንኳ አመድ ሆኗል፤ የሙሉቀን ጫማ ላይ የፈሰሰው ብቻ አልለቅ ብሏል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ያንቺ እናት ስጦታቸውን አጥተዋል፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ከይሻው አምስት አንዷን ለእሳቸው ለይቻለሁ። አልላክኋትም። ሥሯን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ጥላ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ይማም የሚያመጣልሽ ከቅጠሏ የተቆረጠውን ብቻ ነው፤ ማሰሪያው ላይ አራት ቋጠሮ አለበት፤ ኮባ አይደለም። የይሻው ነው ብለሽ አትተማመኚ። ከይርጋ እጅ ነው ብለሽም አትፈሪኝ። መርምሪው። መልስሽ እስኪደርስ ደብረ ታቦር አልልካትም።

ይርጋ አለሙ፣ የአውራ ጣት